ቀለም ቀመስ

በብሬታኝ ጠረፍ ላይ፣ ፖርዝ ጊር በምትባል ጠባብ ወደብ ዳር፣
ጉልቬን የሚሉት ጠላቂ ነበር፤
ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ጀልባ ሆድ ሲፍቅ የኖረ፣
ከላይ ያጌጠውን ሁሉ ከታቹ የመረመረ።

ጭምብሉን ያጠልቃል፣ እርሳስ ይታጠቃል፣
ውሃው ብርድ ሳይለቀው ማልዶ ይጠልቃል።
አልጌው፣ ዝልግልጉ፣ እንደ ኪንታሮት የበቀለው ዛጎል
የሽቦ ብሩሹ ሲነካው ይረግፋል።
ዛጎሉ ብቻውን ቢረግፍ ምን ነበር!
ቀለሙም ይነሣል፤ መዳብ የጠጣው ቀይ ቀለም፣ ተባይ እንዳይደፍር
የተቀባው መርዝ፣ እንደ ጭስ ተትጎልጉሎ
ጉልቬንን ይውጠዋል፣ ደመና አህሎ፤
የገዛ መዳፉን እስኪያጣው ድረስ
በቀይ ጉም መሐል ይፍቃል፣ ሲዳብስ።

ባለጀልባዎቹ፣ በነሐሴ ብቻ ከፓሪስ የሚመጡት፣
«ጥርት አርገህ ፋቀው፣ እንደ መስታወት!»
ይላሉ። ደመናው የት ገባ? ያለ ሰው ግን የለም።
ባሕር ሆደ ሰፊ ነው እያልን፣ ሆዱን አላየንለትም።

እኔ ኤኖራ ነኝ፣ የወደቡ ጸሐፊ፤
ባሕርን በመስኮት የማውቅ፣ ወረቀት አሳላፊ።
በመጋቢት አንድ ቀን ዛጎል አርቢዋ አዜኖር
የላቦራቶሪ ወረቀት ይዛ ገባች፦ «መዳብ» ይላል፣ ከጎኑ ቁጥር፣
ከቁጥሩ ጎን ቀይ መስመር።
አንዲት ጥቁር ዛጎል ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ፣
«ይኸው» አለች፣ «ከልጆቼ መሐል አንድ ቀለም ቀመስ ጠፋ ስል፣ ከቅርጫቴ ወጣ።»
አልሳቀችም። እኔም አልሳቅሁ።
ምክር ቤቱ ሲቀመጥ ብዕሬን ያዝሁ፤
«አካባቢን የሚጎዳ የጀልባ ጽዳት ክልክል ነው» ብዬ ጻፍሁ።

ጉልቬን ገባ፤ ከጎማ ልብሱ ውሃው ወለሉን እያራሰ፣
ጽሑፌን በጣቱ ተከትሎ አንብቦ ጨረሰ።
«የሚጎዳው የቱ ነው? እዚያ ታች ብርሃን የለም፤
ደንብሽን ለማንበብ መነጽርም አይጠቅም።
እጅ የሚያውቀውን ነገር ጻፊ» አለኝ፤
ከኪሱም አንዲት ነጭ ጨርቅ አውጥቶ ዘረጋልኝ።

«ቶሎ ቶሎ ከሆነ፣ ሳይጠነክር ሥሩ፣
ጨርቅ ይበቃዋል፤ እንደ ሕፃን ፊት በስሱ ማበሱ ነው ምስጢሩ።
ጨርቁ ቀልቶ ከወጣ ግን፣ እጅህን መልስ፤
ጀልባው ወደ የብስ ይውጣ፣ ፍቅፋቂው በሸራ ይታፈስ።»

«ይህን ሁሉ ዓመት እያወቅህ ዝም አልህ?» ስለው፣
ጨርቁን አጠፈው፣ ዘረጋው፤ መልሶ አጠፈው።
«የሚከፈለኝ» አለ፣ «በደመናው ልክ ነው፤
ውሃው ካልቀላላቸው ኪሳቸው አይከፈት፤ እኔም ልጆች አሉኝ…» አለና ተወው።

አንቀጽ ሰባት፦ «ጨርቁ ከቀላ፣ እጅ ይመለስ።»
ከካምፔር የመጣው ጠበቃ ሊያርመው ሞከረ፣ «ቋንቋው እንዲታደስ»፤
እንቢ አልሁ። የስንት ሰው ስም ከደንቡ ግርጌ ሲደረደር
የጉልቬን አልነበረም፤ «እኔ የቀለም ሰው አይደለሁ» ብሎ ነበር።
ሠላሳ አንድ ዓመት ቀለም ሲግት የኖረ ሰው፣ ይህን አለኝ።
ምን እንደምመልስለት ጠፋኝ።

አሁን? አሁንማ ባሕሩ እንደ ጠበል አልጠራም፤
የአዜኖርም ቁጥር ገና ከቀይ መስመሩ አልወረደም።
የጉልቬን ገቢ ጎድሏል። ሁለት የፓሪስ ጀልባዎች፣ ደንብ ወደሌለበት
ወደ ማዶ ወደብ ሄደዋል፤ ውሃ ግን አጥር የለበት።

ብቻ ሁልጊዜ፣ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ
ከመሰላሉ ጫፍ ብቅ ይላል፤ በመስኮቴ በኩል እንዳይ
ጨርቁን ከፍ ያደርጋል።
አረንጓዴ ከሆነ፣ እጄን አወዛውዛለሁ፤
ከቀላ፣ ስልኩን አነሣለሁ።
ዛሬ ግን ጉም ወርዷል። ቀለሙ ከሩቅ አይለይም።
ጨርቁን ይዞ ቆሟል። ወደ ታች ልወርድ ነው፤ ሳላይ አልፈርምም።